ከሣጥን ሳንቃ የተሠራው ወለል

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ናሆም «አያቴ፣ ነይና ቤቴን መርቂልኝ» ብሎ በባጃጅ ይዞኝ ሄደ። ቤቴ ያለው የሚኖርበትን አይደለም፤ ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ዳር የከፈተውን ባህላዊ ምግብ ቤት ነው። ከውጭ ሲያዩት ያምራል፤ ክብ ነው፣ ክዳኑ ሣር ነው፣ በሩ ላይ የእንሰት ቅጠል ተሰቅሏል። ገና አንድ እግሬን ከደጃፉ ሳሳልፍ ግን ሽታው ፊቴን መታኝ። ወለሉን በእበት አስለቅልቆታል። ያውም ትኩስ፣ ገና ያልደረቀ። ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶች ነጭ ጫማቸውን አውልቀው፣ በካልሲ እየረገጡት ፎቶ ይነሳሉ። አንዷ ዓይኗን ጨፍና ሽታውን ወደ ውስጥ ሳበችና «ወይኔ! ተፈጥሮ ተፈጥሮ ይላል እኮ» አለች። እኔ የነጠላዬን ጫፍ አፍንጫዬ ላይ አድርጌ የገባሁበትን በር በዓይኔ እፈልጋለሁ። ናሆም ትከሻዬን አቀፈና ለእንግዶቹ ጮክ ብሎ፣ «አያቴ የኖረችው እንዲህ ባለ ወለል ላይ ነው። ያኔ ቤቱም ንጹሕ፣ ሰዉም ንጹሕ ነበር። ያለውን ተካፍሎ ነበር የሚበላው። አይደለም እንዴ አያቴ?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሲያየኝ ምላሴ የሚታሰር ሰው ነኝ። አዎ እንደሚል ሰው አንገቴን ነቀነቅሁ። ቤቴ ስመለስ ሽታው ከቀሚሴ አልወጣ አለ። ቀሚሱን አጥቤ አሰጣሁት፤ ትዝታውን ግን የማሰጣበት ገመድ አጣሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ቢሆንም፣ በአፌ ያልወጣልኝን በእጄ ልሞክረው ብዬ ይኸው ተቀመጥሁ።

ያቺ «ተፈጥሮ» ያለች ልጅ እበት በእጇ ለውሳ አታውቅም። እኔ ለውሻለሁ። ጠዋት በባዶ ሆዴ ከላሟ ኋላ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ የቀዘቀዘው ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ትኩሱ ነበር የሚፈለገው። ውኃና አመድ ጨምሬ በሁለት እጄ አሸዋለሁ። ያልላመ ሣር፣ አንዳንዴም ነጭ ትል፣ በጣቶቼ መሃል ይሾልካል። ከዚያ ተንበርክኬ ከጓዳ ወደ በር እያፈገፈግሁ በመዳፌ እለቀልቃለሁ። ከጥፍሬ ሥር የገባው አረንጓዴ በምንም አይወጣም፤ ምሳ ስበላ ከጉርሻዬ ጋር ይሸተኛል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጄን አንሥቼ ስዘምር እንኳ ይሸተኛል፤ አጠገቤ ያለችውም እጅ እንደ እኔው ስለሚሸት ግን ማንም ማንንም አያማም ነበር። ደረቀ ሲባል ደግሞ ወለሉ ይሰነጠቃል፣ ከስንጥቁ ቁንጫ ይነሳል፣ እግራችን እስከ ጉልበታችን ቀይ ነጠብጣብ ይሆናል። ሙጀሌ ከዚያ የባሰች ናት። በእግር ጣት ጥፍር ሥር ገብታ እዚያው ታብጣለች፣ ነጭ ከረጢቷ አተር ያክላል። በመርፌ ዙሪያዋን ፈልፍሎ ሳያፈነዱ ማውጣት ነው፤ ከፈነዳች እግሩ ይመግላል። የቀረው ቀዳዳ ላይ ላምባ ይንጠባጠብበታል፣ ሰውዬውም ጥርሱን ነክሶ መዝሙር ይጀምራል። ንጹሕ ተብሎ የሚወራለት ዘመን ይህ ነው።

ሶዶ በሙሽርነት የገባሁት በጃንሆይ ጊዜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ ቀሚሴን ጠይቁኝ። ሰማያዊ አበባ ያለበት ቺት ነበር። አባቴ ጨርቁን ከአረካ ገበያ ገዝቶ፣ ሶዶ ገበያ ማዕዘን ላይ በረንዳ ለነበረው ልብስ ሰፊ ሰጥቶ አሰፍቶልኛል። ያ ልብስ ሰፊ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ነበረው። ከሰዓት በኋላ ከዚያ በረንዳ የአዲስ አበባ ዘፈን ይፈስሳል። ለእኛ ዘፈን ኃጢአት ነው ስለተባልን፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች እዚያ ማዕዘን ስንደርስ ራሳችንን ደፍተን፣ እንዳልሰማን ሆነን፣ ግን በጣም ቀስ ብለን ነበር የምናልፈው። አንዳንዷ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር የገባባት እዚያው ማዕዘን ላይ ነው። ጫማ የሌላት እንኳ ጠጠር ይገባባት ነበር። ስኳር በጋዜጣ ተጠቅልሎ በዐሥር ሳንቲም ይሸጣል፣ አንድ እፍኝ ምስማር በስሙኒ ይገኛል። ጠዋት የዳሞታ ተራራ ጉም ሲለብስ «ዛሬ ጭቃ ነው» እንላለን፤ ደግሞም ይሆናል፤ ቀይ ጭቃ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት።

ባሌ ጴጥሮስ ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረ የመንገድ ሥራ ካምፕ የዕቃ ቤት ጠባቂ ነበር። ካኪ ሱሪውን ፍራሽ ሥር አስተኝቶ የሚተኩስ፣ ሰው ምን አለኝ የሚል ሰው ነው። የምንኖረው ከእናቱ ጋር፣ በእናቱ የጭቃ ቤት ነው፤ አንድ ሳሎን፣ አንድ ጓዳ፣ ከላይ ቆርቆሮ። አማቴን እንደ ልጃቸው «አዬ» እላቸዋለሁ፤ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። አጭር፣ ቀጭን፣ እጃቸው ግን እንሰት ሲፍቅ የኖረ፣ እንደ ወንድ እጅ የጠነከረ ነበር። ሙሽራ ያኔ በአማቷ ፊት ቀና ብላ አትናገርም፤ ስትጠየቅ በሹክሹክታ ትመልሳለች፣ ሳትጠየቅ ዝም ትላለች። ለእኔ እንኳ አልከበደኝም፤ ያደግሁበት ነው። ቤቱን ሁሉ የምለቀልቀው እኔ ስሆን፣ ጓዳ ውስጥ ከአልጋቸው ሥር ያለውን ጥግ ግን አያስነኩኝም። «እሱን ለእኔ ተይው፤ አንቺ ወገብሽን አሳርፊ» ይሉኛል። ደግነት መስሎኝ ነበር። ከእበት አንድ ጥግ የሚቀንስልኝ ሰው ያኔ ለእኔ መልአክ ነው።

በመጀመሪያው ክረምቴ ራብ ሆነ። የጓሮው ቦዬ፣ ያ እንደ ድንች ተቆፍሮ የሚበላው ሥር፣ በዝናብ ብዛት መሬት ውስጥ በሰበሰ፤ ከእንሰታችን ሥር የነበረው የቆጮ ጉድጓድም ተጠርጎ አለቀ። ጎመን ቀቅለን በጨው እንበላለን፣ ጨውም ሲያልቅ እንዲሁ። ሐምሌ ሳይወጣ ቀሚሴ ከትከሻዬ ይንሸራተት ጀመር። ያኔ ነው ጴጥሮስ የሠርጉን ኮት የሸጠው። ጥቁር ኮት ነበር፣ ውስጡ የሚያብለጨልጭ ገበር ያለው፤ እሑድ እሑድ ብቻ ይለብሰዋል፣ ሲያወልቀውም ሰው እንዲያይለት ቀስ ብሎ ነው። ለዚያው ለልብስ ሰፊ ሸጠውና በቆሎ ይዞ መጣ። አዬ በቆሎውን ሲያዩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው አለቀሱ። «ኮትህን ልጄ! ኮትህን!» እያሉ። ያንን ልቅሶ እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ዝናቡ አልፎ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሲቃረብ ወደ ካምፑ አዲስ ማሽን በትልልቅ የእንጨት ሣጥን ታሽጎ መጣ። አለቃው ሣጥኖቹን ለሠራተኞች ሰጠ። ሌላው ሰው ማገዶ አደረገው፤ ጴጥሮስ ግን ሳንቃውን በራሱ ላይ ተሸክሞ እየተመላለሰ ደጃችን ከመረው። ካምፑ ውስጥ የአለቃውን ቤት አይቶ ነበር፤ ወለሉ ሳንቃ ነው፣ ቁንጫ የለበትም፣ ሰው ሲሄድበት ድምፅ ያወጣል። የጴጥሮስን ልብ የወሰደው ድምፁ ይመስለኛል። «ከእንግዲህ እበት እቤቴ አይገባም» አለኝ። እጁን ይዤ መሳም አሰኘኝ፤ አፍሬ ተውኩት። አዬ፣ ቤሌ ከተማ ያለችው ሴት ልጃቸው ወልዳ፣ አራስ ሊጠብቁ ሄደው ነበር። ጴጥሮስም «ሳትመለስ ጨርሰን እናስደንቃት» አለ። አናጢ የሚባል አልጠራንም። መጋዝ ተዋሰ፤ እኔ ከሣጥኑ የነቀልነውን ጠማማ ምስማር ድንጋይ ላይ አድርጌ እያቃናሁ አቀብለዋለሁ። ሁለት ጊዜ አውራ ጣቴን መታሁ፤ ደስታዬ ግን ከሕመሙ በልጦ ነበር።

ሥራው ሲጀመር ድፍረት አግኝቼ፣ «የድሮው ወለል አይቆፈርም?» አልኩት በቀስታ።

«ምን አለፋን? እንጨቱ ይከድነዋል።»

«እበቱስ?»

«እሱንም ይከድነዋል፤ አንቺ ምስማር አቀብዪኝ።»

የተከደነ ነገር ሁሉ የለም ማለት ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። አግዳሚውን እንጨት በአሮጌው እበት ላይ እንዳለ አጋደመው፣ ሳንቃውን በላዩ መታው። መሬቱ ወደ ጓዳ ዘቅዘቅ ይል ስለነበር ወለሉም እንዲሁ ዘቀዘቀ። ጓዳ ስንደርስ «የእናቴን አልጋ ያዢ» አለኝና አነሣነው። ከሥሩ ያለው ጥግ ተለቅልቆ ድፍን ሆኗል፣ ግን ልቅለቃው ከሌላው አዲስ ይመስላል። በዲጅኖ ጀርባ ቢመታው ድው ድው የሚል ባዶ ድምፅ ሰጠ። «አይጥ ቦርቡራዋለች» አለና ሳንቃውን ደፋበት። ሳንቃዎቹ ላይ በጥቁር ቀለም የፈረንጅ ፊደልና የብርጭቆ ሥዕል ታትሟል። እዚያው ጥግ ላይ ብርጭቆ ያለበትን አንዱን ሳንቃ ዘቅዝቆ መታው። እኔ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አውቃቸው ነበር፤ ሲገጣጠሙ ምን እንደሚሉ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አዬ ከቤሌ ሲመለሱ ደጃፉ ላይ እንደ ቆሙ ቀሩ። ጴጥሮስ ሳንቃው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ድምፁን አሰማቸው። እሳቸው ግን እሱን አላዩም፤ ቀጥ ብለው ጓዳ ገቡና አልጋቸው ላይ ተቀመጡ፤ ወደ እግራቸው ሥር እያዩ።

«ምነው አዬ፣ አላማረሽም?»

«አማረኝ። ይሄ... እንዴት ነው የሚነሣው?»

«ለምን ይነሣል? ተመቷል እኮ፣ በምስማር!»

«እንዲያው ነው። እንዲያው ጠየቅሁ እንጂ።»

የሳንቃ ወለል እንደ እበት አይለቀለቅም፣ ይታጠባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምንጭ ውኃ ቀድቼ፣ ቢጫውን የልብስ ሳሙና ፍቄ፣ በገለባ እፈትገዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ከዚያ የበለጠ ደስታ አላውቅም ነበር። አዬ ግን እያጠብሁ ከኋላዬ ይከተሉኛል። «ወደዚያ ጥግ ውኃ አትጨምሪ! እንጨቱ ይበሰብሳል!» ይላሉ። አልጨምርም፤ ግን ወለሉ ዘቅዛቃ ነውና ውኃው ራሱ እየተንቆረቆረ ወደዚያው ይሄዳል፣ በሳንቃዎቹ መሃልም ገብቶ ይጠፋል። ብዙም አልቆየ፣ ሽታው ጀመረ። በመጀመሪያ እንደ እርጥብ ጫማ ነበር። ቀጥሎ የተረሳ ወተት መሰለ። ከዚያ በኋላ ስም ያልነበረው ሽታ ሆነ፤ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ፣ ምራቅ የሚያስውጥ፣ ፀጉር ውስጥ ገብቶ ሰው ገበያ ድረስ የሚከተል። ዝንብ በሳንቃው ስንጥቅ ላይ ተርታ ይዞ ይቀመጣል። ጴጥሮስ አፍንጫውን ይዞ «እጠቢው እንጂ!» ይለኛል። አጥበዋለሁ። ባጠብሁት ቁጥር ይብሳል። ይብስና ደግሞ አጥበዋለሁ።

ከሳጋ በኩል የመጡ አንድ ሰባኪ እኛ ቤት እንዲያድሩ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ወሰኑ፤ የሳንቃ ቤት አላቸው ተብሎ መሆኑ ነው። ጴጥሮስ ያን ቀን አንድ ክንድ አድጎ ነበር። ሰባኪው እራት ቀርቦላቸው ሁለት ጊዜ ከጎረሱ በኋላ ጸሎት ጀመሩ፤ ጸሎቱ ረዘመ፤ ሲጨርሱም «የታመመ ሰው የምጠይቀው አለ» ብለው ወጥተው በዚያው ቀሩ። በማግሥቱ ወሬው ምንጭ ወርዷል። ጎረቤታችን ጨው ነጋዴዋ አልማዝ እንስራዬን ሳወርድ ጠብቃኝ፣ «እንዴት አደርሽ የሳንቃዋ እመቤት? እኔ ምለው፣ ያ ባልሽ የመታው ወለል ነው ወይስ የሬሳ ሣጥን?» አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። መሳቃቸው አልነበረም የገደለኝ። አልማዝ ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አማትሽ እኮ ከአንቺ ነው አሉ። ልጅቷ ውስጧ ጤና አይደለም፣ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው ነው አሉ» አለችኝ።

እንስራዬን እዚያው ትቼ ሄድኩ። ሸተተች ተብላ የተመለሰች ሴት ያኔ ሁለተኛ የሚያገባት የለም፤ ከእኔ ኋላ ያሉት ሁለት እኅቶቼም አብረው ይቀራሉ፣ «የእነዚያ የሽታዎቹ ዘር» ተብለው። ጴጥሮስ ከጎኔ ተነሥቶ ለብቻው በር ጥግ መተኛት ጀመረ። ራሴን እጠራጠር ጀመር። ወንዝ ወርጄ ቆዳዬ እስኪላጥ በድንጋይ እፈትጋለሁ፣ ብብቴን አሸታለሁ፣ ትንፋሼን በመዳፌ ይዤ አሸታለሁ። ቤት ስገባ እዚያው አለ። እንግዲያው እኔ ነኝ እላለሁ።

አንድ ጠዋት ማንም ሳይኖር ወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁና እንደ ውሻ እያነፈነፍሁ ከሳሎን ጀመርኩ። አፍንጫዬ መርቶ መርቶ ጓዳ አስገባኝ፤ ከአዬ አልጋ ሥር፣ ብርጭቆው የተዘቀዘቀበት ሳንቃ ላይ አቆመኝ። እዚያ ላይ ስም ያልነበረው ሽታ ስም አገኘ። ቆጮ ነው። የተቀበረ ቆጮ ቅጠሉ በየጊዜው ካልተቀየረለት፣ ውኃም ከገባበት፣ ጠቁሮ ይተላል። እናቴ አንድ ጊዜ ታማ ቅጠል ሳትቀይር ቆይታ ደርሶባታል፤ ያ ሽታ አይረሳም። ተነሥቼ ተቀመጥሁ። የማያስነኩኝ ጥግ ትዝ አለኝ። ድው ድው ያለው መሬት ትዝ አለኝ። ሰው ቆጮውን ጓሮ ይቀብራል እንጂ አልጋው ሥር አይቀብርም፤ ከእበቱ ሽታ መሃል ግን ማን ይለየው ነበር? እሳቸው ብቻቸውን ሲሆኑ ከፍተው ቅጠል ይቀይሩ ነበር ማለት ነው። አሁን ልጃቸው ምስማር መታበት፤ እኔ ውኃ ላክሁበት። ያ የራብ ክረምት ደግሞ መጨረሻ ላይ ትዝ አለኝ፤ እሱ ትዝ ሲለኝ ሮጬ ወጥቼ አስመለስሁ። ለማን ልናገር? አማቴ እህል ደብቀው አስራቡን ልበል? እኔ? ደህና ዋሉ ለማለት ድምፅ የማይወጣኝ?

አዬ አባቴን አስጠሩት። በአንድ ቅዳሜ ከአረካ በኩል ዱላውን ይዞ፣ አሮጌ ካፖርቱን ለብሶ መጣ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌም ተጠርተው ሳሎን አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ መሐረባቸው ከአፍንጫቸው አልወረደም። ጴጥሮስ ግድግዳ ተደግፎ ጫማውን ያያል። እኔ ደጃፉ ጋ ቆሜያለሁ፤ አጠገቤ ለማጠቢያ የቀዳሁት ባልዲ ሙሉ ውኃ አለ።

«ልጅዎን አልጠላናትም» አሉ አዬ ለአባቴ፤ «ልጅቷ ታማለች። ወስደው ያስታምሟት። ሲሻላት ያኔ እናያለን።»

ሲሻላት ያኔ እናያለን ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አባቴ ቤቱን በአፍንጫው ዞረው፤ ገበሬ ነው፣ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ማርታ፣ እውነት ነው? ተናገሪ ልጄ» አለኝ።

ሁሉም አዩኝ። አፌን ከፈትሁ፣ ምንም አልወጣም። ሽማግሌው «ዝምታ እኮ መልስ ነው» አሉ። ያኔ ጎንበስ ብዬ ባልዲውን አነሣሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ አፍራ ሥራዋን ልትጀምር ነው ብለው ይሆናል። ጓዳ ገባሁ፣ የአዬን አልጋ በእግሬ ገፋሁት፣ ብርጭቆው የተዘቀዘቀበት ሳንቃ ላይ ባልዲውን ማንቆርቆር ጀመርኩ። ቀስ ብዬ፣ አንድም ጠብታ ሳላባክን ወደ ስንጥቁ።

«አታፍስሺ!» አዬ ከመቀመጫቸው ዘለሉ። «ተዪ! ቆጮዬን! ኧረ ቆጮዬን ገደልሽው!»

ውኃው ከሥር ጉል ጉል እያለ ሲወርድ ይሰማል።

«የምን ቆጮ?» አሉ ሽማግሌው፣ መሐረባቸውን አውርደው።

ጴጥሮስ ዲጅኖውን አምጥቶ ሳንቃውን ነቀለው። ከዚያ የወጣውን እንዴት ልጻፈው? ሽታ ብቻ አልነበረም፤ ሙቀትም ነበረው፣ እንደ ትልቅ እንስሳ ትንፋሽ። የተሸፈነበት ቅጠል ቀልጦ ጥቁር ንፍጥ ሆኗል፤ ላዩ ይንቀሳቀሳል፣ ሁሉም ነገር ትል ነው፣ ነጭ፣ ወፍራም፣ በሳሙናችን አረፋ ውስጥ የሚዋኝ። ሽማግሌው አፋቸውን ይዘው እንሰቱ ውስጥ ሮጡ። አባቴ አልሮጠም። ጴጥሮስም አልሮጠም፤ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ በጉልበቱ ተቀመጠ።

«መቼ ነው የቆፈርሽው?»

«አባትህ በሕይወት እያለ።»

«በክረምቱ ነበረ?»

አዬ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠመዘዙ።

«አዬ፣ ኮቴን ስሸጥ ነበረ?»

«ነበረ» አሉ። ከዚያ ቁጣ መጣባቸው። «እናንተ ክፉ ቀን መች ታውቃላችሁ! ከአንተ በፊት የነበረችው ልጄ ጉድጓዴ ባዶ ሆኖ እጄ ላይ ነው የቀረችው። ከዚያ ወዲያ ባዶ ጉድጓድ አላይም ብዬ ምያለሁ!»

«ታዲያ ያ ክረምት ክፉ ቀን አልነበረም?»

«የባሰ ይመጣል ብዬ ነዋ» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ሕፃን ሆኖ። «ሁልጊዜ የባሰ ይመጣል ብዬ ነዋ።»

አባቴ ዱላውን ሳንቃው ላይ አንድ ጊዜ መታ። «የሆነው ሆነ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ሽታው የማን ነው?»

«የእኔ ነው» አሉ አዬ ወደ መሬት እያዩ።

«ለእኔ አይደለም የሚነገረው። ልጄ ሸተተች ተብሎ ለተነገረው ሰው ነው የሚነገረው።»

አዬ ነጠላቸውን አስተካክለው እስከ አጥሩ ሄዱ። አልማዝ እዚያው ነበረች፤ የት ትሄዳለች! እኔ ከደጃፉ ሆኜ እሰማለሁ። «ሽታው የእኔ ነው፤ የልጅቷ አይደለም» ብለው ተናገሩ፤ አልማዝም በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሬ ጥላ ወደ ቤቷ ገባች። አባቴ ዞሮ «እንሂድ ወይስ ትቀሪያለሽ?» አለኝ። ጴጥሮስን አየሁት፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ ካኪ ሱሪው ጉልበቱ ላይ በዚያ ጥቁር ነገር ተበላሽቷል፤ ሲበላሽበት ዝም ያለበት የመጀመሪያ ቀን ነው። እኔም ሁሉም በሚሰማኝ ድምፅ፣ ሳልንሾካሾክ፣ «ወለሉ ከሥር ይቆፈር» አልኩ። በዚያ ቤት በሙሉ ድምፄ የተናገርኩት የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው።

ተቆፈረ። ሳንቃው ሁሉ ተነቀለ፣ የስንት ዘመን እበት በአካፋ ወጣ፤ እንደ ዳቦ በንብርብር ነበር የሚነሣው፣ በየንብርብሩም የሞተ ቁንጫ። ጉድጓዱን በጣሳ የጨለፍነው እኔና አዬ ነን። ሁለታችንም አፍንጫችንን በጨርቅ አስረን። ታች ሲደርሱ አዬ እጃቸውን እስከ ክርናቸው አስገቡና አንድ ጭብጥ ነጭ ቆጮ አወጡ። «ከሥር ደህና ነው» አሉኝ፣ እንደ ሥጦታ እየዘረጉልኝ። ከዚያ ጋገሩት፣ ቅቤና ዳጣ አድርገውበት ከልጃቸው በፊት ለእኔ አቀረቡ። ርቦኝ ነበር። አልበላሁም። አባቴ እንኳ ተመልሶ ሄዷል፤ የሚያየኝ አልነበረም፤ ግን አልበላሁም። ጴጥሮስም አልበላም። ብቻቸውን ተቀምጠው፣ እየዋጡ፣ ጨረሱት። ከወንዝ ድንጋይ አመጣን፣ ጠጠር ደለደልን፣ አመድ በተንን፣ ከመሬት ከፍ አድርገን ሳንቃውን መልሰን መታን። ብርጭቆውን በዚህኛው ጊዜ እኔ ነኝ አቃንቼ የመታሁት። ያወጣነውን የደፋንበት እንሰት እንዴት ያለ እንሰት ሆነ መሰላችሁ! ከእሱ የተፋቀውንም አልበላሁም።

አዬ ብዙ ኖሩ። ሲደክሙ ያጠብኳቸው እኔ ነኝ፤ እነዚያን እጆች ጣት በጣት አጥቤያለሁ። ይቅር አልኳቸው ወይ ብትሉኝ፣ አጥቤያቸዋለሁ እላለሁ። አንድ ቀን በነጠላዬ ይዘውኝ፣ ጓሮ ወስደው አዲሱን ጉድጓዳቸውን አሳዩኝ። ማንም የማያውቀው እንደሆነ ነገሩኝ። በማግሥቱ ለጴጥሮስ ነገርኩት፤ ለእሳቸውም እንደ ነገርኩት ነገርኳቸው። ሣቁ፤ ጥርስ አልነበራቸውም። ሳንቃው በኋላ በሲሚንቶ ተተካ፣ ሲሚንቶው በፕላስቲክ ምንጣፍ፣ አሁን ደግሞ ልጄ ሴራሚክ አነጠፈበት፤ ያበራል፣ ያንሸራትታል። እኔ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ አያለሁ።

ከትናንት ወዲያ ናሆም እንደገና መጥቶ ወሰደኝ። ስለ ድሮው ፍቅርና ንጽሕና እንዳወራ፣ በስልኩ ሊቀርጸኝ ነው። ባለ ሦስት እግር ዱካ ላይ አስቀመጠኝ፣ ልጆቹ ዙሪያዬን በካልሲያቸው ቆሙ። እበቱ ደርቆ መሰንጠቅ ጀምሯል። «እሺ አያቴ፣ ንገሪን» አለ።

«ይህን ወለል ስታስለቀልቅ ከሥሩ ቆፍረህ አይተሃል?» አልኩት።

«ከሥሩ? አፈር ነዋ አያቴ።»

«እንግዲያው አንድ ባልዲ ውኃ አምጣልኝ።»

«እንዴ! እበት እኮ በውኃ አይታጠብም!» ልጆቹ ሳቁ።

«ላጥበው አይደለም» አልኩት። «ማን እንደሚጮኽ ላይ ነው።»